12,000 ዓለማትና 90 ቀን፦ የጠፈር ንጉሠ ነገሥት አዋጁን እንዴት ያስፈጽማል?

ጥያቄ፦ «በአማርኛ የሳይንስ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ 12,000 ዓለማት ይገዛሉ፤ ከመናገሻው እስከ ጠረፍ በፈጣን መርከብ 90 ቀን ያስኬዳል። በ40 ዓመት ዘመናቸው የዘር ባላባቶችን ይሽራሉ፣ አንድ ገንዘብ ያወጣሉ፣ ከሁሉም አንድ አሥረኛ ግብር ያስከፍላሉ፣ አንድ ሕግ ይደነግጋሉ። ረቂቁን ያነበቡ ጓደኞቼ ‹ተረት ይመስላል› አሉኝ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? ለሹመቶቹስ ምን ስም ልስጥ?»

ምላሽ፦

ጓደኞችዎ እውነት አላቸው። ጥፋቱ ግን መርከቦቹና የጨረር መሣሪያዎቹ ላይ አይደለም፤ የዚህ ዓይነት ልቦለድ አንባቢ እነሱን ብዙ ሳይከራከር ይቀበላል። ጥፋቱ ዐፄው አዋጅ ባስነገሩ ማግሥት አዋጁ በ12,000ው ዓለም መፈጸሙ ነው። 90 ቀን የሚለውን ቁጥር ራስዎ ጽፈው ሥራ ፈት አድርገው አስቀምጠውታል። እንዲህ ባለ መንግሥት ውስጥ ግን ከየትኛውም ደንብ በላይ የሚገዛው ያ ቁጥር ነው፤ ግብሩም፣ ጦሩም፣ ገንዘቡም፣ አልጋ ወራሹም ከሱ በታች ናቸው።

ሒሳቡን እንሥራው። ትእዛዝ ጠረፍ ደርሶ መልሱ እስኪመለስ 180 ቀን ይፈጃል። መልስ እየጠበቁ የሚጽፉ ከሆነ ዐፄው ከአንድ የጠረፍ ገዥ ጋር በ40 ዓመት ውስጥ የሚጻጻፉት 81 ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሒሳብ ይብሳል፦ ለእያንዳንዱ ዓለም በዓመት 10 ደቂቃ ቢሰጡ 120,000 ደቂቃ፣ ማለትም 2,000 ሰዓት ይሆናል። በቀን 8 ሰዓት ቢሠሩ 250 ቀን አለቀ። የቀረችው 115 ቀን ለበዓል፣ ለግብር ማብላት፣ ለዘመቻና ለሕመም ናት። ስለዚህ ዐፄዎ 12,000 ዓለም አይገዙም፤ 12,000 ዓለም የሚገዙ ጥቂት ሰዎችን ነው የሚገዙት። የማሻሻያው ታሪክ በሙሉ የእነዚያ ጥቂት ሰዎች ታሪክ ነው።

መጀመሪያ የመልእክቱን ፍጥነት ይወስኑ

መልእክት ከመርከብ ቀድሞ ይደርሳል ወይስ በመርከብ ተጭኖ ይሄዳል? ይህን ሳይወስኑ አንድ ገጽ አይጨምሩ፤ ሁለቱ ሁለት የተለያዩ ልቦለዶች ናቸውና።

በመርከብ የሚሄድ ከሆነ በጣም የቀረበው ምሳሌ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን የነበረው የስፔን መንግሥት ነው። ከማኒላ ማድሪድ የተላከ ደብዳቤ መልሱ እስኪመጣ ሁለት ዓመት ያህል ይወስድ ነበር። በዚህ ርቀት ንጉሡ የሚልከው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ያለፈበት ነው፤ ገዥው ቢፈጽመው አገር ያጠፋል፣ ባይፈጽመው ያምፃል። መውጫ አበጁለት። ሹሙ ደብዳቤውን ስሞ ራሱ ላይ ያስቀምጥና «እታዘዛለሁ፣ ግን አልፈጽምም» ይላል። ይህ ዐመፅ አልነበረም፤ በሕግ የታወቀ አነጋገር ነበር። ትርጉሙ፣ የንጉሡን ሥልጣን አከብራለሁ፣ ንጉሡ ግን እዚህ ያለውን ነገር ስላላወቁ ትእዛዙን አቆይቼ አስታውቃለሁ ማለት ነው። የእርስዎ ጠረፍ ገዥም እንዲህ ያለ አፍ ሊኖረው ይገባል። ከሌለው ወይ ሞኝ ነው ወይ ወንበዴ፣ ሁለቱም ደግሞ ለልቦለድ ብዙ አያገለግሉም።

መልእክት ከመርከብ የሚቀድም ከሆነ ችግሩ ይገለበጣል። ዐፄው ሁሉን ይሰማሉ፤ ስለዚህ ሁሉም እሳቸውን ይጠይቃል። የስፔኑ ዳግማዊ ፊሊፕ ወረቀት ሁሉ በእጁ ካላለፈ አይሆንም እያለ ኅዳጉ ላይ እየጻፈ ይውል ስለነበር «ወረቀተኛው ንጉሥ» የሚል ስም ወጣለት። በዚያን ጊዜ ፖስታው በፈረስና በሸራ መርከብ እየመጣ እንኳ ነው እንዲህ የሆነው። በዚህኛው መንገድ ጦር ከመልእክት ኋላ ስለሚደርስ ዐፄው ዐመፁን በዕለቱ ያያሉ፣ ለ90 ቀን ግን እጃቸውን አጣጥፈው ይመለከታሉ። ለድራማ ይህኛው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ከባድነቱ ግን እዚያው ነው።

ሦስተኛው መንገድ የተፈጥሮን ሕግ ሙሉ በሙሉ ማክበር ነው፤ ከብርሃን የሚፈጥን ነገር የለም። ያኔ ጋላክሲውን ይርሱት። የእኛው ጋላክሲ ስፋቱ ወደ 100,000 የብርሃን ዓመት ነው፤ ለፀሐይ ቅርብ የሆነው ኮከብ እንኳ 4.24 የብርሃን ዓመት ይርቃል። በብርሃን ፍጥነት 99 በመቶ የሚሄድ መርከብ 100 የብርሃን ዓመት ቢጓዝ እቤት የቀረው ሰው 101 ዓመት ሲቆጥር መርከበኛው 14 ዓመት ያህል ብቻ ያረጃል። የተላከው እንደራሴ ሲደርስ የላኩት ዐፄ ሞተው፣ ልጃቸውም ሞቶ፣ የልጅ ልጃቸው ነግሦ ይሆናል። የሚያምር ልቦለድ ይወጣዋል፤ ማሻሻያ የሚባል ነገር ግን አይወጣውም። በነገራችን ላይ ከቢያንስ 100 ቢሊዮን ከዋክብት ውስጥ 12,000 ዓለም መያዝ ከስምንት ሚሊዮን አንዱን እንደ መያዝ ነው። «ጋላክሲውን የገዛ» የሚለውን ለማኅተሙና ለዘውድ ሥርዓቱ ይተዉት፤ ተራኪው ራሱ ግን ባያምነው ጥሩ ነው።

«ንጉሠ ነገሥት» ብሎ መጻፍ የሚያስከፍለው ዋጋ

ቃሉ ራሱ ውል አለበት፦ የነገሥታት ንጉሥ። ከበታቹ ነገሥታት አሉ ማለት ነው። እርስዎ ግን ሁሉንም ይሽሩና ስሙን ይዘው ይቀጥላሉ። በእኛ ታሪክ ውስጥ ሁለቱም መንገድ በተከታታይ ስለተሞከረ ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ነግሠው የየአገሩን መሳፍንት በራሳቸው ሹማምንት ለመተካት፣ ወታደሩን ደመወዝ ለማብላት፣ የቤተ ክርስቲያን መሬት ለመቀነስ ባንድ ጊዜ ተነሡ። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የቀረው እንደ ማንም ይገብር አሉ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ደመወዙ የሚከፈለው ገና ካልተሰበሰበ ግብር፣ ግብሩን የሚሰበስቡት ደግሞ ገና ካልተከፈሉ ወታደሮች ነበር። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ሲመጡ ከመቅደላ ዙሪያ አልፎ በእጃቸው የቀረው ጥቂት ነበር።

ዐፄ ዮሐንስ በሌላ መንገድ ሄዱ። በ1870 ዓ.ም. በልቼ ስምምነት የምኒልክን የሸዋ ንጉሥነት ተቀበሉ፤ በ1873 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖትን በጎጃም አነገሡ። በዚህ መንገድ ትእዛዝ በየጓዳው አይገባም፤ ግን የሚታዘዝ ሰው አለ፣ ግብርም በመጠኑ ይመጣል። ዋጋው ደግሞ በታችዎ ያሉት ነገሥታት እየጠነከሩ መምጣታቸው ነው። «ያገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚባለው እዚህ ጋ ይሠራል፤ በሬው ማረስ ሲጀምር የእርሻው ባለቤት እሱ መስሎት እንደሚያድርም አይርሱ።

ሁለቱን የሚያስታርቅ መላ አለ። ባላባቱን አይሻሩት፤ ልጁን ይሻሩት። ማለትም ዛሬ በሹመት ያለው እስኪሞት ይግዛ፣ ሲሞት ልጁ ማዕረጉንና ግቢውን ይወርሳል፣ ሥልጣኑ ግን ለመንግሥት ሹም ይተላለፋል። ዛሬ ጠመንጃ የያዘው አባት የሚያጣው ነገር ስለሌለ አይዋጋም፤ የሚያጣው ልጅ ደግሞ ገና ጠመንጃ የለውም። ይህ መንገድ 20 እና 25 ዓመት ይፈጃል፤ የእርስዎ ዐፄ 40 ዓመት አላቸው። ያላቸውን ጊዜ ይጠቀሙበት። የቻይናው ቺን ሺ ኋንግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 አገሩን አንድ አድርጎ በ36 አውራጃ ከፈለ፤ ሚዛኑን፣ ፊደሉን፣ የሠረገላ እግር ስፋቱን ሳይቀር አንድ ወጥ አደረገ። በ210 ሞተ፤ አራት ዓመት ሳይሞላ ሥርወ መንግሥቱ ፈረሰ። ማሻሻያዎቹ ግን ቀጥሎ ለመጣው ለሃን ሥርወ መንግሥት ተረፉ። ልቦለድዎ ሁለተኛ ክፍል የሚኖረው ከሆነ ይህን ያስቡበት።

የሹመት መሰላሉ

12,000 ዓለም በሦስት እርከን ይያዛል፦ 24 እንደራሴ፣ በእያንዳንዱ ሥር 25 አገረ ገዥ፣ በእያንዳንዱ አገረ ገዥ ሥር 20 ዓለም። 24 ሲባዛ በ25 ሲባዛ በ20፣ ልክ 12,000 ይመጣል። አንድ ሰው ጠንቅቆ የሚከታተለው ከ20 እና ከ25 የበታች ሹም አይበልጥም፤ የሮማው ዲዮቅልጥያኖስ ግዛቶቹን ወደ 100 አብዝቶ በ12 አህጉረ ግዛት ሲያቧድናቸው ለአንዱ የበላይ የደረሰው ስምንት ያህል ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ራሱን ዙፋኑን ከአራት ከፈለው፤ እ.ኤ.አ. ከ293 ጀምሮ አራት ገዥዎች በአራቱ ድንበር አቅራቢያ ተቀመጡ። ርቀትን ለማሸነፍ ከዚህ የተሻለ አልተገኘም፤ ነገር ግን እሱ በ305 ሥልጣኑን በፈቃዱ ሲለቅ ተካፋዮቹ እርስ በርስ ተፋጁና በ324 ቆስጠንጢኖስ ብቻውን ቀረ።

እንደራሴ የሚለውን ቃል ይያዙት፤ «እንደ ራሴ» ማለት ነው። ዐፄው በሌሉበት ዐፄውን ሆኖ የሚፈርድ። በ90 ቀን ርቀት ላይ ለተቀመጠ ሰው ከዚህ የሚስማማ ስም የለም፣ አደጋውም እዚያው ስሙ ውስጥ ነው። እንደራሴው ሥር አልሰድ እንዲል በየአራት ዓመቱ ላዘዋውረው ካሉ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይመጣል። ከአራቱ ዓመት ሦስት ወር ለመሄድ፣ ሦስት ወር ለመመለስ፣ አንድ ዓመት አገሩን ለማወቅ ይወጣል፤ በቀረው ሁለት ዓመት ተኩል የሚተክለውን ዛፍ ፍሬ እንደማያይ ስለሚያውቅ ዛፍ አይተክልም፣ የተተከለውን ይቆርጣል። የስፔኖቹ መድኃኒት ይህ ነበር፦ ዘመኑን የጨረሰ ሹም ከሹመቱ አገር ሳይወጣ ይቆያል፤ ዳኛ ተሠይሞ የበደልኩት አለ የሚል ሁሉ ይከሰዋል። በእርስዎም ዘንድ 60 ቀን ቢቀመጥ ይበቃል። መርከብ ላይ እንዳይሳፈር የሚያደርገው የአዲሱ ተሿሚ ማኅተም ይሁን፤ አዲሱም ዳኛው እንዳይሆን።

ሌላው መያዣ ቤተሰብ ነው። በጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1635 ጀምሮ መሳፍንቱ አንድ ዓመት በኤዶ (በዛሬዋ ቶኪዮ)፣ አንድ ዓመት በግዛታቸው እየተፈራረቁ ይቀመጡ ነበር፤ ሚስትና አልጋ ወራሽ ግን ከኤዶ አይወጡም። ይህን ለ90 ቀን መንገድ ቢያውሉት ከሁለት ዓመቱ 180 ቀን በመንገድ ያልቃል፣ ሩብ ዕድሜ ማለት ነው። ባላባቱ ለአጃቢ፣ ለነዳጅና ለሁለት ግቢ ሲያወጣ ለጦር መሣሪያ የሚተርፈው ያንሳል። ዋናው ጥቅሙም ያ ነበር።

በሴት ልጆች መግዛትም አለ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.) የጠቅላይ ግዛቶችን ሹመት ለገዛ ልዕልቶቻቸው ሰጥተው፣ ጨዋ የሚባለውን ጦር በየአገሩ አሰፈሩ። ኋላ ራሳቸው ልዕልቶቹን ጠረጠሩ፤ ልጃቸው በእደ ማርያም ሲነግሥ ደግሞ ብዙውን ነገር ወደ ነበረበት መለሰ። ማሻሻያ በአንድ ሰው ጥርጣሬና ጉልበት ላይ ሲቆም የሚያበቃው ከሱ ጋር ነው፤ ጸሐፍትና መዝገብ ቤት ያስፈልገዋል።

ግብሩ

አንድ አሥረኛ ይበሉ፤ ቁጥሩ ጥሩ ነው፣ አሥራት የሚባል የቆየ ስምም አለው። ግን ከመቶው መናገሻ የሚደርሰውን ይቁጠሩ። ሰብሳቢው፣ የዓለሙ ሹም፣ አገረ ገዥው፣ እንደራሴው እያንዳንዳቸው አንድ አምስተኛ ቢያስቀሩ 100 ብር 80፣ 64፣ 51፣ መጨረሻ 41 ይሆናል። ይህ የግድ ስርቆት አይደለም፤ አብዛኛው እዚያው ለሚበላ ደመወዝ ይውላል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በ100 አስበው ጦር ካቀዱ በ41 ነው የሚዘምቱት።

በዓይነት መክፈልን ይሠርዙ። ረቂቅዎ ውስጥ እህል የጫነ መርከብ ካለ አንባቢ እዚያ ጋ ይስቃል። አንድ ኪሎ ነገር ወደ ብርሃን ፍጥነት አንድ አሥረኛ ለማድረስ ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ 126 ጊጋዋት ሰዓት ይፈጃል። አንድ ኩንታል ጤፍ 12,600 ጊጋዋት ሰዓት ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በዓመት እንዲያመነጭ የታቀደለት ወደ 15,700 ነው። ከግድቡ የዓመት ምርት አራት አምስተኛው ለአንድ ኩንታል ጤፍ፣ ለማቆሚያ ደግሞ ያንኑ ያህል ያስፈልጋል። ሞተርዎ ምትሃተኛ ቢሆንም ነዳጁን የሚከፍል ሰው አለ። በከዋክብት መካከል የሚጓዘው ቀላልና ውድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰው፣ ዕውቀት፣ መድኃኒት፣ ሒሳብ። ስለዚህ ግብሩ እዚያው ይሰበሰባል፣ እዚያው ወታደርና ዳኛ ይበላበታል፣ ወደ መናገሻ የሚመጣው የሒሳቡ ደብተርና የተረፈው ሐዋላ ነው። የጥንቶቹ መንግሥታትም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት እንምጣ፦ ከቆጠራ በፊት ግብር ማወጅ። ያልተቆጠረ ዓለም ላይ የተጣለ አሥረኛ፣ ሰብሳቢው የገመተው ነው። ደግሞም መለካት ራሱ እንደ ጦርነት ይቆጠራል። በ1960 ዓ.ም. የወጣውን የእርሻ ገቢ ግብር ጎጃም በጦር የተቃወመው የገንዘቡ ብዛት ብቻ አስጨንቆት አልነበረም፤ ለግብሩ ሲባል መሬቱ ይለካል፣ ከተለካ ርስቱ ይሄዳል ብሎ ነው። መንግሥት ጦር ልኮም በመጨረሻ ውዝፉን ማረው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቆጣሪና ቀራጭ አንድ ሰው፣ አንድ ልብስ፣ አንድ ዓመት መሆን እንደሌለባቸው ነው። ቆጣሪዎቹ ክትባትና የውሃ ማጣሪያ ይዘው ይሂዱ፤ ግብሩ ከሰባት ዓመት በኋላ ይምጣ። 600 ቡድን፣ ለአንዱ አገረ ግዛት አንድ ቢመደብ፣ በአንድ ዓለም አራት ወር ቢቆይ፣ 20ውን ለመጨረስ 80 ወር ይፈጅበታል፤ ስድስት ዓመት ከስምንት ወር። ሕንድን የገዛው አክባር እ.ኤ.አ. በ1580 ግብሩን የተከለው ባንድ ዓመት ምርት ሳይሆን በአሥር ዓመት አማካይ ነበር፤ የእርስዎም ቀራጮች ባንድ የጥጋብ ዓመት መዝገብ ላይ ቆመው በድርቅ ዓመት እንዳይቀርጡ።

ወታደሩም ገና መዝገቡ ሳያልቅ መብላት አለበት። ዐፄ ምኒልክ ከክፉ ቀን ማግሥት አሥራት ያወጡት ወታደር በየገበሬው ቤት እየገባ መብላቱን እንዲተው ብለው ነው፤ ለገበሬው የታወቀ አንድ አሥረኛ ከማይታወቅ እንግዳ ይሻል ነበር። አዋጅዎን በዚህ መልክ ያስነግሩ። «ክፈሉ» ከማለት «ከእንግዲህ ወታደር ቤታችሁ አይገባም» ማለት ይቀላል፣ ከዚያም ጎተራ መሥራት ይከተላል።

ገንዘቡ

እዚህ ጋ ብዙ ጸሐፊ ይወድቃል፤ አዲስ ገንዘብ ታወጀ፣ ተጠቀሙበት፣ አለቀ። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የራሳቸውን ብር አስቀርጸው ሲያወጡ ገበያው ፊቱን ያዞረው ወደ ማርያ ቴሬዛ ነበር፤ 28 ግራም የምትመዝን፣ 1780 የሚል ዓመት የተጻፈባት፣ የሞተች የውጭ አገር ንግሥት መልክ ያለባት ብር። ገበያተኛው የጌጧን ነጥቦች ቆጥሮ ካላረጋገጠ አይቀበልም ነበር። ሥልጣን ሳይሆን ክብደትና ልማድ ነው ያመነው። በ1937 ዓ.ም. የወረቀት ብር ሲወጣ እንኳ የ50 ሳንቲሙ ከእውነተኛ ብር ተሠርቶ ነበር የተሰጠው።

ስለዚህ አዲሱ ገንዘብ የሚገባበት በር አንድ ነው፦ መንግሥት ግብር የሚቀበለው በዚያ ብቻ ይሁን፣ ደመወዝም በዚያ ይክፈል፣ አሮጌውን ግን አይከልክሉ። ግብር ከፋዩ ሳንቲሙን ከወታደሩ ይገዛል፣ ወታደሩ እቃ ከነጋዴው ይገዛል፣ ዙሩ ይዘጋል። አሥር ዓመት ይስጡት። ቆስጠንጢኖስ ከአንድ የሮማ ፓውንድ ወርቅ 72 ሆኖ የሚቀረጽ፣ 4.5 ግራም ያህል የሚመዝን ሳንቲም አወጣ፤ የተከተሉት ክብደቱን ስላልነኩት እስከ 11ኛው መቶ ዘመን ዓለም አመነው። ከሱ በፊት የነበረው ዲዮቅልጥያኖስ እ.ኤ.አ. በ301 ከአንድ ሺህ በላይ ለሆኑ ዕቃዎችና የጉልበት ሥራዎች የዋጋ ጣሪያ ወስኖ ያለፈውን በሞት እቀጣለሁ አለ፤ ዕቃው ከገበያ ጠፋ፣ ሕጉም ሳይሠራ ቀረ። ዐፄዎ በችግር ጊዜ ዋጋ እንዲቆርጡ ከፈለጉ ያስቆርጧቸው፣ ያማረ ምዕራፍ ነው፤ ግን ይውደቁበት።

ገንዘቡ ምልክት ብቻ ከሆነ፣ ማለት በመረብ ላይ የሚጻፍ ቁጥር፣ 90 ቀን ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል። አንድ አጭበርባሪ ያንኑ ገንዘብ በሁለት ዓለም ይከፍላል፤ ሁለቱ ደብተሮች የሚገናኙት ከወራት በኋላ ነው። መድኃኒቱ ሐዋላ ነው፤ እያንዳንዱ እንደራሴ የራሱን ደብተር ይይዛል፣ ገንዘብ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ዋስ ባለው ነጋድራስ በኩል ነው፣ ዋሱም ለመዘግየቱ ክፍያ ይወስዳል። ነጋድራሱን ሀብታም የሚያደርገው ይህ ክፍያ ነው፤ ሸሩንም ከዚያ ይጀምሩ።

ጦሩና ሕጉ

12 ሚሊዮን ወታደር ብዙ ይመስላል፤ ለአንድ ዓለም 1,000 ነው። 500 ሚሊዮን ሕዝብ ባለበት ዓለም አንዱ ወታደር ለግማሽ ሚሊዮን ሰው ይደርሳል። ዓለማትን መያዝ አይቻልም፤ የሚያዘው መንገድ ነው። መርከብ የሚያልፍባቸው 40 በሮች ካሉ ዘጠኙን ሚሊዮን በ40ው ያስፍሩት፣ በአንድ በር 225,000 ይሆናል፤ የቀረው ሦስት ሚሊዮን በየዓለሙ 250 ዘበኛ ይሁን። የበር አዛዡን ደጃዝማች ቢሉት ቃሉ ራሱ ይመጥነዋል፤ «የደጅ አዝማች» ነውና። አዛዡ ግብር እንዳይሰበስብ፣ ሰብሳቢውም ወታደር እንዳያዝዝ ያድርጉ። ሁለቱ በአንድ እጅ ከገቡ አዲስ ዐፄ ተወለደ።

ሕጉ ላይ አጭር ልሁን። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ 3,367 አንቀጾች ይዞ ሲወጣ በቁጥር 3347 የቆየውን ልማድ ሻረ፤ በገጠር ግን ሽምግልናው ቀጠለ። አንድ ሕግ ለ12,000 ዓለም ይቅርብዎ። ሦስት ነገር ብቻ ለዙፋን ችሎት ይለዩ፦ የሞት ፍርድ፣ የመሬት ክርክር፣ በመንግሥት ላይ የተፈጸመ ክዳት። ይግባኝ 180 ቀን ስለሚፈጅ የሞት ፍርድ እስከዚያ አይፈጸምም የሚል አንድ አንቀጽ ይበቃል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል፤ በእርስዎ ልቦለድ ሰማዩ እየታረሰ ስለሆነ ሁለተኛውን ቢያንስ በአንድ ገጸ ባሕርይ አፍ ቢያስጠይቁት አይከፋም።

የማዕረግ ስሞች

ለገንዘብ በጅሮንድ፣ ለንግድና ለጉምሩክ ነጋድራስ፣ ለፍርድ አፈ ንጉሥ፣ ለማኅተሙ ጸሐፌ ትእዛዝ። በቀዳሚ መርከብ የሚሄደውን ፊታውራሪ ይበሉት። ባሕር ነጋሽ የሚለውን ተከትለው «ጠፈር ነጋሽ» ቢፈጥሩ አንባቢ ሳያስረዱት ይገባዋል። ሊቀ መኳስን አይርሱት፤ በጦር ሜዳ እንደ ንጉሡ ለብሶ ጠላት እንዲያሳስት የሚቆም ባለሟል ነው። ምስል በብርሃን በሚሠራበት ዘመን ሊቀ መኳሱ አንድ ሳይሆን 24 ሊሆን ይችላል። የማዕረጉን ዝርዝር ግን ከ12 አያሳልፉ፤ ከዚያ በላይ አንባቢ ገጽ እየመለሰ ይፈልጋል።

አልጋ ወራሹ

አልጋ ወራሽ በ10ኛው ዓመት ይታወጅ እንጂ በ39ኛው አይሁን፤ ስሙ ጠረፍ ደርሶ ሳንቲም ላይ ተቀርጾ ለመለመድ ዕድሜ ይፈልጋል። ሌሎቹን ልጆች የት ያደርጓቸዋል? በአምባ ግሸን፣ ኋላም በወህኒ አምባ መሳፍንቱ ተራራ ላይ ታግተው ይኖሩ ነበር፤ ለእርስዎ አንዲት ጨረቃ ትበቃለች። ችግሩ ዐመፀኛ ሁሉ የሚዘምተው ወደዚያች ጨረቃ መሆኑ ነው፤ ጠባቂዋን በጥንቃቄ ይሹሙ።

ዐፄው ሲሞቱስ? ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አርፈው ሞታቸው በይፋ ሳይነገር ቆየ። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን መውረዳቸው በታወጀ በ30 ቀኑ፣ ጥቅምት 17፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ጦራቸውን ይዘው ሰገሌ ላይ ተዋጉ። ጦር ለማንቀሳቀስ 30 ቀን በቂ ነው፤ በእርስዎ ጠረፍ ግን ወሬው እስኪደርስ 90 ቀን አለ። በነዚያ 90 ቀናት ጠረፍ ላይ በሟች ዐፄ ስም ሳንቲም ይቀረጻል፣ ሹመት ይሰጣል፣ ሰው ይሰቀላል። ደንቡን ዐፄው በሕይወት እያሉ ያስጽፉት፦ የአዲሱ ንጉሥ ዘመን በእያንዳንዱ ዓለም የሚቆጠረው ወሬው ከደረሰበት ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት በአሮጌው ማኅተም የተፈጸመ ይጸናል። ይህ ደንብ ካለ የታሪክ ጸሐፊዎችዎ አንዱን ንጉሥ በየዓለሙ በተለያዩ ቀኖች ያነግሡታል። ደንቡ ከሌለ ደግሞ ወሬውን ከሌሎች በ20 ቀን ቀድሞ የሰማ አንድ እንደራሴ ማኅተሙን ይዞ ምን እንደሚያደርግ ለመጻፍ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ያስፈልግዎታል።